ኤፍታህ፦ ጆሮው ለተዘጋ ልጅ አፍ ስለ መፍታት



ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 7 መጨረሻ ላይ የጻፈልን ታሪክ አጭር ነው። ጌታችን ዐሥሩ ከተሞች በሚባለው አገር በኩል ወደ ገሊላ ባሕር በመጣ ጊዜ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ አንደበቱም የተያዘ አንድ ሰው ይዘው ቀረቡ፤ እንዲዳስሰውም ለመኑት። ጌታችን ግን ሥራውን በሕዝቡ መካከል አላደረገውም። ሰውየውን ከግርግሩ ለይቶ ለብቻው ወሰደው። ጣቶቹን ወደ ጆሮዎቹ አስገባ፣ መላሱን ነካ፣ ወደ ሰማይ አይቶ ከልቡ ቃተተ፤ ከዚያም በኋላ በሚናገረው በአራማይስጥ ቋንቋ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «ኤፍታህ» አለ።

ይህ ቃል ለግሪኩ አንባቢ እንግዳ ስለ ነበር ወንጌላዊው ትርጉም ጨመረለት። ለእኛ ግን ዘመዳችን ነው። የግእዙ «ፈትሐ» ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ ከፈተ፣ ፈታ፣ ፈረደ ማለት ነው። ካህን በተነሳሒው ላይ የሚያደርሰው ፍትሐት፣ ዳኛም ለተበደለው የሚሰጠው ፍትሕ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። አማርኛችን ደግሞ ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን ሲያወጣ «አፉን ፈታ» ይላል፤ የእናትና የአባት ቋንቋንም «አፍ የፈታሁበት ቋንቋ» እንለዋለን። እንግዲህ ጆሮን መክፈት፣ አንደበትን መፍታትና ለተበደለ መፍረድ በእኛ ቋንቋ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው።

ቅደም ተከተሉንም ልብ እንበል። በወንጌሉ መጀመሪያ የተከፈተው ጆሮ ነው፤ መላስ የተፈታው ቀጥሎ ነው። እኛ ግን ሁለት ዓመት ሞልቶት የማይናገር ልጅ ስናይ አፉን ነው የምንመለከተው። «ምላሱ ታስሮ ይሆናል» እንላለን፤ «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» ብለን እናጽናናለን። ብዙ ጊዜ ግን ምላሱ ደኅና ነው፤ ቋጠሮው ያለው ጆሮው ላይ ነው። ያልሰማውን ቃል ማንም ሊናገር አይችልም።

ይህን ነገር በአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለሰፈሩ ቤተሰቦች በተለይ ላነሣ የወደድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ የሚኖሩት ብዙዎቹ ቤታቸውን በዕጣ አግኝተው ከአሮጌዎቹ የከተማው ሰፈሮች የመጡ ናቸው። በቀድሞው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ቤተሰብ ይኖር ነበርና፣ ልጅን የሚያሳድገው ጎረቤት ሁሉ ነበር። አንዲት ባልቴት ከምድጃዋ አጠገብ ሆና «ይህ ልጅ ስጠራው አይዞርም፤ እዩት እስቲ» ብትል እናቲቱ ትነቃ ነበር። በአዲሱ ሰፈር ግን እያንዳንዱ የብረት በሩን ዘግቶ ይኖራል። አባትና እናት ሥራቸው መሀል ከተማ ስለ ሆነ ሳይነጋ ወጥተው አውቶቡስ ይሰለፋሉ፤ ሲመለሱ ልጁ ተኝቷል። ሠራተኛዪቱ ራሷ ልጅ ናት። ባልቴቲቱ የሌለችበት ቤት ውስጥ የልጁ ዝምታ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም» ተብሎ ይመሰገናል።

ይህ ምስጋና ልጁን ያስከፍለዋል። የሕፃን ጆሮ ድምፅ መቀበል የሚጀምረው ገና በማሕፀን ሳለ፣ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የሚሰማ ሕፃን ሲወለድ የእናቱን ድምፅ ለይቶ ያውቃል። አእምሮ የቋንቋን መንገድ የሚጠርገው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በእነዚያ ዓመታት ድምፅ ካልደረሰው፣ ለመስማት የተሰናዳው የአእምሮ ክፍል ወደ ሌላ ሥራ ይዞራል። ባለሙያዎች በብዙ አገሮች የሚከተሉት መመሪያ ሕፃኑ 1 ወር ሳይሞላው ጆሮው እንዲፈተሽ፣ በ3 ወሩ ምርመራው እንዲጠናቀቅ፣ በ6 ወሩም እርዳታው እንዲጀመር ያዝዛል። በአገራችን የአራስ ልጅ የጆሮ ፍተሻ ገና ለሁሉም የሚዳረስ አልሆነም። እንዲህ ከሆነ ቀዳሚው መርማሪ ወላጅ ነው፤ ከወላጅም ቀጥሎ በሰንበት ሃያና ሠላሳ ሕፃናትን በአንድ ላይ የምታዩ እናንተ መምህራን ናችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብዙ ወላጆች ልጃቸውን በራሳቸው ፈትነው «ይሰማል» ብለው ይቀመጣሉ። ከኋላው ያጨበጭባሉ፤ በሩን በኃይል ይዘጋሉ፤ ልጁም ይዞራል። የብረት በር ሲዘጋ ግን ወለሉ ይነዝራል፤ ልጁ በእግሩ ሰማው እንጂ በጆሮው አልሰማም። ሲያጨበጭቡም ጥላቸውን አይቶ፣ ወይም ነፋሱ አንገቱን ነክቶት ይሆናል። ደግሞም የማይሰማ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ማንኛውም ሕፃን ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ «አጉ» ይላል፤ ልዩነቱ የሚታየው ቆይቶ ድምፁ ወደ «ባባባ» እና «ማማማ» ሳይሸጋገር ሲቀር ነው። አንዳንዱ ልጅ ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፣ ቀጭኑን አይሰማም፤ ስሙን ሲጠሩት ይዞራል፣ የተነገረውን ግን አይለይም። ይህኛው በትምህርት ቤት «ሰነፍ»፣ በቤት «እልከኛ» እየተባለ ያድጋል።

ጥርጣሬ ያደረበት ወላጅ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወደ ጆሮ ሐኪም የሚያስተላልፍ ወረቀት ይጠይቅ። ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ክፍል ወዳለው ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መድረስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ የቀን ሥራ ይታጎላል፣ የመመላለሻ ገንዘብ ይጠፋል። በዚህ ላይ ነው የቁምስናው ማኅበር ሥራ ያለው። በወንጌሉ ያ ሰው ብቻውን አልመጣም፤ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች አመጡት። ከማኅበሩ አንዱ ከእናቲቱ ጋር ተሰልፎ ቢውል፣ ሌላው የመሳፈሪያውን ቢችል፣ እነዚያን ስም የለሽ ሰዎች መሰለ ማለት ነው።

ምክንያቱንም በሚመለከት ብዙ ከንቱ ነገር ይነገራል። «እርግማን ነው»፣ «የእናቲቱ ኃጢአት ነው» የሚሉ አሉ፤ ከምእመናን መካከልም አሉ። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ ጌታችን በእርሱም ሆነ በወላጆቹ ኃጢአት እንዳልሆነ ቁርጥ አድርጎ መልሶላቸዋል (ዮሐንስ 9)። ከጌታ በላይ የሚያውቅ ካለ ይንገረን። እውነተኞቹ ምክንያቶች ሌሎች ናቸው፦ የማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ እናትን በእርግዝና ወራት የሚይዛት ሩቤላ፣ በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ መታፈን፣ የአራስ ልጅ ብርቱ የቢጫ በሽታ፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎች ያለ ሐኪም ጥንቃቄ ሲሰጡ፣ ሳይታከም የሚቆይ የጆሮ መግል፣ በዘር የሚወረስም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ስለ መስማት የሚናገር ዘገባ በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት ወደ 60 ከመቶ የሚሆነውን መከላከል እንደሚቻል ገልጿል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት የሚሰጠው የኒሞኮከስ ክትባት ከሳንባ ምች ሌላ የማጅራት ገትርንና የጆሮ ቁስለትንም ይከላከላል። ስለዚህ ክትባት ማስከተብ ጆሮን መጠበቅም ነው። በሚመግል ጆሮ ውስጥ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ውኃ ወይም ሌላ ነገር ማንጠብጠብ ግን ይቅር።

ስለ ቃላችንም አንድ ነገር። በድሮው አማርኛ መስማት የተሳነው ሰው የሚጠራበት ቃል ዛሬ በገበያውም በቤቱም «ያልተማረ፣ የማይገባው» ለማለት የምንሳደብበት ቃል ሆኗል። አንዱን ሰው ስንሰድብ ሌላውን አብረን እንመታለን። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 የማይሰማን ሰው መስደብ የሚከለክለው፣ እርሱ ራሱ ስድቡን እንደማይሰማ አውቆ ነው፤ የሚሰማለት እግዚአብሔር ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ልጁ ተመርምሮ የመስሚያ መሣሪያ ቢሰጠው፣ ወይም ጉዳቱ ከባድ ሆኖ ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባለው በቀዶ ሕክምና የሚገባ መሣሪያ ቢደረግለት፣ ብዙ ቤተሰብ «እንግዲህ ይናገራል» ብሎ ይጠብቃል፤ ከሦስት ወር በኋላ ሳይናገር ሲቀር መሣሪያው ሣጥን ውስጥ ይገባል። መሣሪያው ድምፅን ያደርሳል፤ ድምፁ ምን እንደ ሆነ የሚያስተምረው ግን ሰው ነው። በመሣሪያ መስማት የጀመረ የሦስት ዓመት ልጅ በመስማት ዕድሜው አራስ ነው። አራስ አፉን እስኪፈታ አንድ ዓመት እንታገሥ የለምን? መሣሪያው ልጁ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ ከጆሮው አይለይ። ባትሪው ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚያልቅ በየማለዳው ይፈተሽ። ከጆሮው የሚገባው ቅርጽ ልጁ ባደገ ቁጥር ይጠብበታልና፣ ማፏጨት ከጀመረ ለመቀየር ጊዜው ደርሷል። ያረጀችውንም ክብ ባትሪ ልጅ ከማያገኛት ቦታ አኑሩ፤ ቢውጣት ለሕይወቱ ታሰጋዋለች።

የኮንዶሚኒየም ቤት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ግድግዳውና ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ከሆነ ድምፅ ይመላለሳል፤ መሣሪያውም የተመላለሰውን ሁሉ አንድ ላይ ያጎላዋል። ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ወፍራም መጋረጃ መስቀል፣ ከሁሉ በላይ ማንም የማያየውን ቴሌቪዥን መዝጋት ይረዳል። ከዚህ የሚበልጠው መቅረብ ነው። በተናጋሪውና በልጁ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ቢቀንስ፣ ወደ ጆሮው የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ከማድ ቤት ሆኖ መጮኽ ቃሉን ያበላሸዋል እንጂ አያጠራውም። ጌታችን ሰውየውን ከግርግሩ ለይቶ አጠገቡ የቆመበትን ምክንያት የመስማት ባለሙያዎች በሌላ ቋንቋ እያስተማሩን ነው።

ትምህርቱ የሚሰጥበት ጊዜም ልዩ ሰዓት አያስፈልገውም። እናት ቡና ስታፈላ ተንበርክካ «አሁን ቡናው ሲንኳኳ ትሰማለህ፤ ስማ!» ትበለው፤ መጀመሪያ ያዳምጥ፣ ከዚያ ሙቀጫውን ይይ። ጀበናው ሲፈላ፣ ሲኒው ሲንኳኳ፣ ከታች የሚኒባሱ ረዳት ሲጣራ ለእያንዳንዱ ድምፅ ስም ይሰጠው። ከተናገሩትም በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ልጁ የሰማውን አደራጅቶ ለመመለስ ከሌላው ልጅ ይልቅ ይዘገያል፤ እኛ ደግሞ ዝምታን አንችልምና ቶሎ እንመልስለታለን። ቤተሰቡ በቤት የሚናገረው ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ይናገረው። ወላጅ ከልቡ የማይናገርበት ቋንቋ ለልጅ ጆሮ ደረቅ ነው።

መሣሪያው በሚገባ መሥራቱን ለማወቅ፣ የማይሰሙ ልጆችን ንግግር በማስተማር የታወቁት ዳንኤል ሊንግ ያስተማሩት ቀላል መንገድ አለ፦ በየማለዳው ከልጁ ኋላ ወይም ጎን ሆኖ፣ ከንፈርን ሳያሳዩ፣ «አ»፣ «ኡ»፣ «ኢ»፣ «ሽ»፣ «ስ»፣ «ም» ማለት ነው። እነዚህ ስድስት ድምፆች ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን የንግግር ስፋት ይሸፍናሉ። ልጁ «ም»ን ሰምቶ «ስ»ን ካልሰማ ለሐኪሙ ይነገር።

በአማርኛችን ይህ ቀጭን ድምፅ የሚሸከመው ነገር ቀላል አይደለም። «መጣ» እና «መጣች» የሚለዩት በመጨረሻዋ «ች» ብቻ ነው። ቀጭን ድምፅ የማይሰማ ልጅ እናቱ ትምጣ አባቱ ይምጣ አይለይም፤ ሲናገርም ሁሉን ወንድ ያደርገዋልና ይሳቅበታል። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው፤ ፊደላችን ይህን አይጽፈውም፣ ጆሮ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከንፈር በማንበብ እረዳለሁ ለሚልም «በራ» እና «መራ»፣ «ተራ»፣ «ጠራ» እና «ደራ» በከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ስለዚህ ለልጁ አንድ ቃል ብቻ ነጥለን አንስጠው። «ዳቦ» ከማለት «ዳቦውን እኅትህ ቆረሰች» ማለት ይሻላል፤ ያልሰማውን የቀረው ይነግረዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። የመናገር ትምህርት መልካም ሆኖ ሳለ፣ በዓለም ታሪክ ውስጥ ጭቆና የሆነበት ዘመን ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ እምነት ከመስማት እንደ ሆነ ለሮሜ ሰዎች መጻፉን አንዳንዶች በቁሙ ወስደው፣ የማይሰማ ሰው ሊያምን አይችልም እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ይህን ስሕተት ቃል ሳይሆን ሥራ ነው ያፈረሰው። በ16ኛው መቶ ዓመት በእስፓንያ ጴድሮ ፖንሴ ደ ሌዮን የተባለ የቅዱስ ቤኔዲክቶስ መነኩሴ የመሳፍንት ልጆች የነበሩ የማይሰሙ ሕፃናትን መጻፍና መናገር አስተማረ። በ1600ዎቹ መጀመሪያ የጄኔቫ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ፍራንሲስ ደ ሳል፣ ማርቲን የሚባል መስማት የተሳነውን ወጣት ወደ ቤቱ ተቀብሎ በምልክት ትምህርተ ክርስቶስን አስተማረው፤ ለቅዱስ ቁርባንም አበቃው። ዛሬ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ጠባቂ ቅዱስ ተብሎ የሚከበረው ስለዚህ ነው። በፓሪስም አባ ደ ሌፔ የተባለው ካህን በ1760 ገደማ ትምህርት ቤት ከፍቶ በእጅ ምልክት አስተማረ። በ1880 ግን በሚላኖ የተሰበሰቡ መምህራን ምልክት ከትምህርት ቤት ይውጣ፣ ንግግር ብቻ ይቅር ብለው ወሰኑ፤ በብዙ አገር የልጆች እጅ ታሰረ። ይህ ጉባኤ የጀመረው ማኅበር በ2010 ቫንኩቨር ላይ ተሰብስቦ በዚያ ውሳኔ ማዘኑን ገልጿል። አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ፈጀ።

በሌላ ወገን ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1964 ቅድስት አገርን ከጎበኙ በኋላ፣ በ1971 በቤተ ልሔም «ኤፍታ» የሚባል ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ የቅድስት ዶሮቴያ ደናግል የፍልስጥኤም ሕፃናትን መስማትና መናገር ያስተምራሉ። በአገራችን የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሚስዮናውያን ቀድመውናል፤ መካኒሳና አልፋ የሚባሉት የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ለብዙ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ቤት ሆነዋል። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም የጣት ፊደል አለው፤ እጁ በቅርጹ ተነባቢውን፣ በእንቅስቃሴው ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ቤቶች ያሳያል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ጆሮው በመሣሪያ ሊረዳ የሚችል ልጅ መስማትና መናገርን ሊነፈግ አይገባም፤ መሣሪያ የማይረዳው ወይም ያላገኘው ልጅ ደግሞ «ይናገር ይሆናል» እየተባለ ያለ ቋንቋ አንድ ቀን ማደር የለበትም። ሁለቱንም የያዘ ልጅ አልከሰረም። ለመናገር ሲባል እጁን የሚመታ መምህር ካለ ግን ጌታ የፈታውን እያሰረ ነው። የመጥምቁ አባት ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተያዘ ጊዜ ዘመዶቹ በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም ሰሌዳ ለምኖ ጻፈ (ሉቃስ 1)። የልጁም ስም ዮሐንስ እንዲሆን የጸናው በዚያ ጽሕፈት ነው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረኝ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በክፍላችሁ ካለ ከፊት፣ ፊታችሁን ከሚያይበት ቦታ አስቀምጡት፤ እየጻፋችሁ ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ አትናገሩ። ጸሎቱን ከመስማቱ በፊት በሥዕልና በጽሑፍ ይየው። ሌላው ልጅ ሲመልስ የመለሰው ማን እንደ ሆነ በእጃችሁ አመልክቱት፤ አለዚያ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ሳያውቅ መልሱ ያልፈዋል። «ገባህ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ እንዳይሳቅበት «አዎ» ማለትን ለምዷል። «ምን አልኩ?» ብላችሁ ጠይቁት። ንስሐ ሲገባ ጽፎ ሊያቀርብ ይችላል፤ በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ቀኖናም የሚወድ ሰው በአስተርጓሚ እንዲናዘዝ ይፈቅዳል፤ አስተርጓሚውም ምሥጢሩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ለመጀመሪያ ቁርባን በሚቀርብበት ቀን ደግሞ መብራቱ ከካህኑ ኋላ እንዳይሆን አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ልጁ ከንፈሩን ማየት ይገባዋልና። «አሜን» የሚለው በድምፁም ቢሆን በእጁም ቢሆን፣ ካህኑ እስኪጨርስ ይጠብቀው።